የኳንተም ቁርኝት መልእክት አያደርስም፤ ታዲያ ምን ያደርጋል?

ይህ ጽሑፍ በእርማት ይጀምራል። ጋዜጠኛ ሲሳሳት ማረም አለበት እየተባልን አይደል የምንማረው? እኔ የማርመው ግን ጋዜጠኝነትን ሳልጀምር፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁትን ስሕተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግሁት መተማ ዮሐንስ ነው። እኛንና ሱዳን ያለችውን ገላባትን የሚለየን በበጋ ውኃ የማይታይበት ወንዝና በላዩ ያለው ድልድይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መስከረም 24 ቀን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለፈረንሳዊው አላን አስፔ፣ ለአሜሪካዊው ጆን ክላውዘርና ለኦስትሪያዊው አንቶን ዛይሊንገር መሰጠቱ በዜና ተሰማ። ያኔ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩና ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «ሁለት ቅንጣቶች የፈለገውን ያህል ቢራራቁ በአንዱ ላይ የደረሰው ለሌላው በቅጽበት ይነገረዋል። ከብርሃን የፈጠነ መልእክት ተገኝቷል። ወደፊት የስልክ ምሰሶ አያስፈልግም» ብዬ በድምፅ ማጉያ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ። ማታ ደግሞ ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ እሳቸውም ደስ አላቸው።

ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቅዳሜ ሹር፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ኦምዱርማን ነበር የሚሠራው። የፋሲካ ዕለት ስልኩ ጠራ፣ አልተነሳም። ከዚያ በኋላ መጥራቱንም ተወ። ከተማችን ከማዶ በሚሻገር ሰው ተሞላች፤ ሱዳናዊው፣ ሐበሻው፣ የሌላ አገር ሰው፣ ሻንጣ የያዘም ባዶ እጁን የመጣም። አባቴ ሱቁን ለእናቴ ትተው ጠዋት ጠዋት ድልድዩ አጠገብ ይቆሙ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ያ ያነበብሽልኝ ነገር የት ደረሰ? ለእንዲህ ያለው ቀን አይሆንም ወይ?» አሉኝ።

እኔም «ገና ነው አባየ፣ እየሠሩበት ነው» አልኳቸው። ይኼ ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር። እየሠሩበት አይደለም። እንደማይሠራ ተረጋግጧል፤ ያውም ሽልማቱን ባስገኘው በዚያው ትምህርት ውስጥ። አጎቴ በ37ኛው ቀን በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ከእሱ በፊት ደኅንነቱን የነገረን ከገዳሪፍ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

ዘንድሮ የሳይንስ ዘገባ መምህራችን «ድሮ የተሳሳታችሁትን አንድ ጉዳይ ምረጡና እንደገና ጻፉት» ሲሉን የማስበው ሌላ ነገር አልነበረኝም። እንግዲህ ይኸው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። በእንግሊዝኛው ኢንታንግልመንት የሚሉት ነው። እኔ ቁርኝት እለዋለሁ፤ ጥልፍልፍ የሚሉትም አሉ። የቃሉ ፈጣሪ በ1935 በጀርመንኛ የጻፈው ኦስትሪያዊው ኤርቪን ሽሮዲንገር ነው። በዚያው ዓመት አልበርት አንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሆኖ ባወጣው ጽሑፍ የኳንተም ፊዚክስ አንድ ነገር ጎድሎታል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩን ለማስረዳት የሸበጥ ምሳሌ ይበቃል፤ እኔም ትምህርት ቤት ያነበብኩት ይህንኑ ነበር።

አባቴ አንድ ጥንድ ሸበጥ ወስደው አይናቸውን ጨፍነው አንዱን እግር በአንድ ማዳበሪያ፣ ሌላውን በሌላ ማዳበሪያ ይከታሉ እንበል። አንዱ ማዳበሪያ ገዳሪፍ ይሄዳል፤ አንዱ መተማ ይቀራል። ገዳሪፍ ያለው ሰው ሲከፍተው ግራ እግር ያገኛል። በዚያችው ቅጽበት መተማ ያለው ቀኝ መሆኑን ያውቃል። ከብርሃን የፈጠነ ነገር አለ? የለም። ሸበጡ ከመነሻው ቀኝ ነበር፤ እኛ ነን ያላወቅነው። አንስታይን ያለውም በአጭሩ ይህንኑ ነው፤ ቅንጣቶቹ መልሳቸውን ከቤታቸው ይዘው ነው የሚወጡት፣ የጎደለው የእኛ ዕውቀት ነው።

ምሳሌው እንዴት እንደሚጥም አያችሁ? ብዙ ዘገባ እዚህ ላይ ያበቃል። ችግሩ ምሳሌው ስሕተት መሆኑ ነው። ስሕተት መሆኑን ያሳየው ደግሞ የሰሜን አየርላንዱ ጆን ቤል በ1964 ባወጣት አጭር ጽሑፍ ነው። (ቤል ራሱ በኋላ፣ በ1981፣ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው ጽፏል፤ ሰውየው ሁልጊዜ በሁለቱ እግሮቹ የተለያየ ቀለም ካልሲ ያደርግ ነበር። አንዱ እግሩ ሮዝ ከሆነ ሌላው ሮዝ አይደለም። የእኔ ሸበጥ መሆኑ ነው። ቤል ያነሣው ግን ቅንጣቶች እንደ ካልሲ አይደሉም ለማለት ነው።)

የቤልን ሐሳብ የፊዚክስ ተማሪዎች በቀመር ነው የሚማሩት። እኔ ግን በጨዋታ መልክ ሳገኘው ነው የገባኝ። ክላውዘርና ሦስት ጓደኞቹ በ1969 ካወጡት ጽሑፍ የተወሰደ ነው፤ እኔ የኛን ሰፈር አለበስኩት። እባካችሁ እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ሁለት ወንድማማቾች አሉ። አንዱ መተማ ኬላ፣ አንዱ ገላባት ኬላ ይቆማል። ስልክ የላቸውም፤ አይተያዩም። በየኬላው ያለው ፈታሽ ሳንቲም ይወረውራል። ሰው ከወጣ ስለ ሰሊጥ ይጠይቃል፤ አንበሳ ከወጣ ስለ ጥጥ። ወንድምዬው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ይመልሳል። ሕጉ ይህ ነው፦ መልሶቻቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ ያሸንፋሉ። ሁለቱም ስለ ጥጥ ከተጠየቁ ግን የሚያሸንፉት መልሳቸው ሲለያይ ነው። ከመለያየታቸው በፊት የፈለጉትን መመካከር ይችላሉ።

ምን ቢመካከሩ ይሻላቸዋል? ቀላሉ «ምንም ብንጠየቅ አዎ እንበል» መባባል ነው። አራት ዓይነት አጋጣሚ አለ፤ ሰሊጥና ሰሊጥ፣ ሰሊጥና ጥጥ፣ ጥጥና ሰሊጥ፣ ጥጥና ጥጥ። በሦስቱ ያሸንፋሉ፤ በመጨረሻው ይሸነፋሉ። 75 ከመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም። ለምን? በአራቱም ለማሸነፍ የመተማው የሰሊጥ መልስ ከገላባቱ የሰሊጥ መልስም ከጥጥ መልሱም ጋር እኩል መሆን አለበት። የመተማው የጥጥ መልስም ከገላባቱ የሰሊጥ መልስ ጋር እኩል መሆን አለበት። እንግዲያው ሁሉም እኩል ሆኑ ማለት ነው፤ ሁለቱ የጥጥ መልሶች ደግሞ መለያየት ነበረባቸው። አይሆንም። መልሱን ከቤቱ ይዞ የወጣ ማንኛውም ነገር፣ ሸበጥም ይሁን ካልሲ፣ ብዙ ጊዜ ሲጫወት ከ75 ማለፍ አይችልም።

አሁን ለእያንዳንዱ ወንድም ከአንድ ቦታ የተነሡ የተቆራኙ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ እንስጣቸው። እያንዳንዱ ለጥያቄው በተመደበለት አንግል ማጣሪያ ያዘነብላል (አንዳንድ የፀሐይ መነጽር ላይ ያለው ዓይነት ማጣሪያ ነው)። ፎቶኑ ካለፈ «አዎ»፣ ካላለፈ «አይ» ይላል። አንግሎቹ በትክክል ከተመረጡ የሚያሸንፉት 85 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ከ75 አለፈ! ይህ 10 ከመቶ ነው የአንስታይንን ክርክር የዘጋው። ፎቶኖቹ መልሱን ይዘው አልወጡም።

ይህን በወረቀት ሳይሆን በሙከራ ያሳዩት እነ ክላውዘር ናቸው። ክላውዘርና ስቱዋርት ፍሪድማን በ1972 በርክሌይ ከካልሲየም አቶም በሚወጡ ፎቶኖች አደረጉት። አስፔ በ1982 ፓሪስ አቅራቢያ ፎቶኖቹ በመንገድ ላይ ሳሉ ጥያቄውን የሚለዋውጥ መሣሪያ ጨመረበት፤ አስቀድሞ ተነጋግረው ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ለማዳከም። በ2015 ኔዘርላንድ፣ ዴልፍት ላይ በ1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት አልማዞች ውስጥ ባሉ ኤሌክትሮኖች ተደገመ፤ ይህ ለእኛ ሰፈር ሰው የእግር መንገድ ነው። በ2017 ደግሞ ቻይናዎች ሚሲየስ ከተባለች ሳተላይት የተቆራኙ ፎቶኖችን ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች ላኩ፤ ከመተማ ካርቱም ካለው ርቀት ከእጥፍ በላይ ነው።

እስቲ አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ። ገላባት ያለው ወንድም ጥጥ ወይም ሰሊጥ በመጠየቁ መተማ ያለው አንድ ነገር ሊያውቅ ይችላል ወይ? መተማ የቆመው ወንድም መልሶቹን በደብተር ይመዘግባል፤ አዎ፣ አይ፣ አይ፣ አዎ፣ አይ። ቢቆጥረው ግማሹ አዎ፣ ግማሹ አይ ነው። ገላባት ያለው ሰሊጥ ቢጠየቅም፣ ጥጥ ቢጠየቅም፣ ጭራሽ ጥሎ ቢሄድም፣ የመተማው ደብተር ያው ግማሽ በግማሽ ነው። ሳንቲም ቢወረውር የሚያገኘውን ያገኛል። ቁርኝቱ የሚታየው በአንዱ ደብተር ላይ አይደለም፤ ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ደግሞ አንዱ ደብተር ድልድዩን መሻገር አለበት፤ በሰው እጅ፣ በመኪና ወይም በስልክ። ከእነዚህ አንዱም ከብርሃን አይፈጥንም።

ለዚህ ነው «መልእክት» የሚለው ቃል ስሕተት የሆነው። እኔ ሚኒ ሚዲያ ላይ «ይነገረዋል» ብያለሁ። የሚናገር የለም፤ የሚሰማም የለም። በነገራችን ላይ ይህን ስሕተት የሠራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አርዕስተ ዜና ላይ «በቅጽበት መልእክት» የሚለውን ዛሬም ታገኙታላችሁ። ቃሉ ያጓጓል። የሚያስቸግረው ግን ያንን ቃል አምኖ ድልድይ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው።

ሁለተኛው ቃሌ ደግሞ «ሁለት» የሚለው ነበር። ይህን የነገሩኝ አንድ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ረቂቄን ይዤ ቢሮአቸው ስሄድ ገና ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ አስቆሙኝ። «ሁለት ነገሮች ብለሽ ከጀመርሽ ሁልጊዜ በመካከላቸው ገመድ ትፈልጊያለሽ። አንድ ነገር ነው በይ» አሉኝ።

አንድ ነገር ማለት እንዴት ነው? ስፒን የሚባል የቅንጣት ጠባይ አለ፤ ኤሌክትሮን ስትለኩት ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ሆኖ ይገኛል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ተቆራኝተው የጋራ ስፒናቸው ዜሮ ሲሆን፣ ስለ ጥንዱ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ታውቋል፤ የቀረ ምስጢር የለም። አንዱን ብቻ ነጥላችሁ «አንተስ?» ብትሉት ግን የተወሰነ መልስ የለውም። ስለ ሙሉው ሁሉን ማወቅ ይቻላል፣ ስለ ክፍሎቹ ምንም ሳያውቁ። ሽሮዲንገር በ1935 የኳንተም ፊዚክስ ዋና መለያ ብሎ የያዘው ይህንን ነው። በእኛ ኑሮ ተገላቢጦሹ ነው፤ የአንድን ኩንታል ሰሊጥ ጥራት የምናውቀው ናሙና ዘግነን ፍሬውን አይተን ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥምር ቅንጣቶች የሚመጡት፤ ሳልጠብቀው የጽሑፌ ደስ የሚለኝ ክፍል ሆኑ።

በዓለም ላይ ያሉ ቅንጣቶች በጠባያቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ፈርሚዮን የሚባሉት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ የሚፈልጉ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሁኔታ አይገኙም። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ያወጣው ሕግ ነው። ኤሌክትሮን፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከዚህ ወገን ናቸው። ቦዞን የሚባሉት ደግሞ መደራረብ የሚወዱ ናቸው፤ ፎቶን ከነሱ ነው። ስማቸው የመጣው ከሕንዳዊው ሳትየንድራ ናት ቦዝ ነው፤ በ1924 ዳካ ሆኖ የጻፈውን አሳታሚ ቢያጣ ለአንስታይን በፖስታ ላከለት፣ አንስታይንም ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አሳተመለት።

ታዲያ እንቆቅልሹ ይኼ ነው። ሂሊየም አቶም ሁለት ፕሮቶን፣ ሁለት ኒውትሮንና ሁለት ኤሌክትሮን አለው። ስድስቱም ቦታ የማይጋሩ ፈርሚዮኖች ናቸው። (ፕሮቶንና ኒውትሮንም ራሳቸው ከሦስት ሦስት ኳርክ የተሠሩ ጥምሮች ናቸው፤ እሱን እንለፈው።) ሲደመሩ ግን አቶሙ ቦዞን ይሆናል! ደንቡ የፈርሚዮኖቹ ቁጥር ሙሉ ከሆነ ጥምሩ ቦዞን፣ ጎዶሎ ከሆነ ፈርሚዮን ነው ይላል። ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ መወፈሩን ይተዋል፤ ያለ ምንም ሰበቃ ይፈስሳል፣ የብርጭቆውን ግድግዳ ወጥቶ በውጭ ይንጠባጠባል። በ1938 የተደረሰበት ነው። አንድ ኒውትሮን የጎደለው የሂሊየም ዓይነት፣ ሂሊየም 3፣ አምስት ፈርሚዮን ነው ያለው፤ ጎዶሎ። እሱ በዚያ ቅዝቃዜ ይህን አያደርግም። በሺህ ጊዜ ገደማ የበለጠ ካልቀዘቀዘ፣ አቶሞቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ ካልተጣመሩ አይሆንለትም። ይህም በ1972 ታየ። በአንድ ኒውትሮን! መጋቢት ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ከተማ ላደገ ሰው ይህን ማሰቡም ያበርዳል።

ግን እንዴት? ቦታ አልጋራም የሚሉ ሁለቱ ሲገናኙ እንዴት የሚጋሩ ይሆናሉ? በ2005 ሎው የተባለ የሆንግ ኮንግ ተመራማሪ የሰጠው መልስ ቁርኝት ነው የሚል ነው።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ቆላው በሳሉግ ይሞላል፤ ሳሉግ የምንለው ከደጋው ለሥራ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ትልቅ ዳስ አስቡ፤ ለወንዶች 1,000 መኝታ፣ ለሴቶች 1,000 መኝታ፣ ሁሉም ቁጥር አለው። አንድ ሰው በተኛበት ሌላ አይተኛም፤ ፈርሚዮኖች ናቸውና። አንድ ባልና ሚስት ሁልጊዜ 7 ቁጥር ላይ የሚተኙ ከሆነ ሌላ ጥንድ «እኔም እንደነሱ» ሊል አይችልም፤ ቦታው ተይዟል። አሁን ግን ጥንዱ የተቆራኙ ይሁኑ። ባል 1 ከሆነ ሚስት 1፣ ባል 2 ከሆነ ሚስት 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 1,000፤ የትኛው እንደሆነ ግን ያልተወሰነ። የጥንዱ ሁኔታ ይህ «ያልተወሰነ ግን የተዛመደ» የሚለው ራሱ ነው። ሁለተኛ ጥንድ በዚሁ ሁኔታ ልግባ ቢል ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭበት ዕድል ከሺህ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥንዶች፣ አሥር ጥንዶች፣ አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ያለ ችግር ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ይቻላል። ልክ እንደ ቦዞን። ቁርኝቱ ሲቀንስ፣ ማለትም መኝታዎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ ጥምሩ ወደ ክፍሎቹ ጠባይ ይመለሳል።

ምሳሌው እንደማንኛውም ምሳሌ ጉድለት አለው፤ የሸበጡ ጉዳይ አስተምሮኛልና ጉድለቱን ልናገር። ሰው በእውነት አንድ መኝታ ላይ ነው ያለው፤ እኛ ብናውቅም ባናውቅም። የኳንተሙ ጥንድ ግን እንደዚያ አይደለም። ከዳሱ የምትወስዱት ቆጠራውን ብቻ ይሁን።

የሎው ሐሳብ የሚገርመው ጥምሩን አንድ የሚያደርገው የሚያስረው ኃይል ነው ብለን የምናስበውን መገልበጡ ነው። ኤሌክትሮንን ከፕሮቶን ጋር የሚያስረው የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራው ቁርኝቱን ማቆየት ነው፤ ጥምሩን እንደ አንድ ቦዞን የሚያስኬደው ግን ቁርኝቱ ነው። በ2010 ሦስት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንን ወሰን ያለው ሒሳብ አድርገው አቀረቡት። እኔ ሒሳቡን እስከመጨረሻው አልተከተልኩትም፤ ዳሱን ግን ተከትዬዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ የክፍሌ ልጅ «የፈረንጅ ወሬ ነው፤ ለእኛ ቡለቲን ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን እነ ክላውዘር ኖቤሉን ከማግኘታቸው 16 ዓመት በፊት፣ በ2006፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስንታየሁ ተስፋ ፊዚካል ሪቪው ኤ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ስለ ቁርኝት ጽሑፍ አውጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት እዮብ አለባቸው በዚያው መጽሔት በቅርብ ርዕስ ጽፏል። አራት ኪሎ ስለ ብርሃን ኳንተም ጠባይ ሲያስተምሩ የኖሩት ፍሥሐ ካሳሁንም በ2008 ኳንተም ኦፕቲክስን የሚያስተምር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ስለዚህ ነገሩ አራት ኪሎ ከገባ ቆይቷል። ወሬውን ያላደረስነው እኛ ነን፤ የጋዜጠኝነቱ ሰፈር።

ያጠኑትን በአጭሩ ልሞክር። ሦስት እርከን ያለው አቶም አስቡ፤ ላይ፣ መካከል፣ ታች። አቶሙ ከላይ ወደ መካከል ሲወርድ አንድ ፎቶን ይተፋል፤ ከመካከል ወደ ታች ሲወርድ ሌላ። ሁለቱ ፎቶኖች ከአንድ አወራረድ የመጡ ናቸውና ዝምድና አላቸው። እንዲህ ያሉ አቶሞች በሁለት መስተዋቶች መካከል እየገቡ ሲወጡ የሚሰበሰበው ሁለት ዓይነት ብርሃን ነው። ጥያቄው የሁለቱ ብርሃኖች ቁርኝት መቼ ይጠነክራል፣ መቼ ይሳሳል የሚል ነው። አቶሞቹ ሲገቡ ላይ ናቸው ወይስ ታች ናቸው ሊባል በማይቻልበት ድብልቅ ሁኔታ ተዘጋጅተው ከሆነ ቁርኝቱ ሊጎለብት እንደሚችል ሒሳቡ ያሳያል። ሥራው የእርሳስና የወረቀት ነው፤ ውድ ላቦራቶሪ አልጠየቀም። ለዚህ ይሆናል የተቻለውም።

ለምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ቁርኝት መልእክት ባያደርስም የመልእክት መቆለፊያ መሥራት ይቻልበታል። ሁለቱ ደብተሮች የሚዛመዱ የአዎና የአይ ዝርዝሮች ናቸው፤ ሦስተኛ ሰው በመካከል ገብቶ ከሰረቀ ዝምድናው ይበላሻል፣ 85 የነበረው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሌባው ይታወቃል። መልእክቱ ራሱ ግን በተለመደው መንገድ ነው የሚሄደው።

ለዕረፍት ቤት ስሄድ እርማቴን ለአባቴ አቀረብኩ። ሸበጡን ነገርኳቸው፣ ሸበጡ ልክ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። «እና ያኔ የነገርሽኝ ውሸት ነበር?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ጨዋታውን እንጫወተው» አሉኝ። አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ አጎቴ ጎረቤት ቤት ተቀመጡ። ታናሽ እኅቴና እኔ ሳንቲም እየወረወርን ጠያቂ ሆንን። 40 ዙር ሄድን። ሁለቱ የተመካከሩት «ሁሌ አዎ» የሚለውን ነበር፤ 31 ጊዜ አሸነፉ። ከ30 አንድ በለጠ፤ ዕድል ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

አጎቴ ሙቀቱን ሰበብ አድርጎ ከሱቁ ጀርባ ካለው ጥላ ሥር ተዛወረና ሌላ 20 ዙር ካልተጫወትን አለ። 20 ከ20 አሸነፉ። ደብተሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ትክክል ነው። ነገሩን የደረሰችበት እኅቴ ናት። አጎቴ ጥጥ በተጠየቀ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።